የተበላሸው ካምቢዮ የማን ዕዳ ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ሦስት ደብዳቤዎች ከጎንደር ከተማ የተላኩ ሲሆን ሦስቱም ስለ ተሽከርካሪ ጉድለት ናቸው። የመጀመሪያው ብዙ ማብራሪያ ስለሚፈልግ ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣ እኔ አዘዞ የምኖር ነጋዴ ነኝ። ከሁለት ዓመት ከአራት ወር በፊት አዲስ አበባ ከሚገኝ አስመጪ አንድ አዲስ አውቶማቲክ መኪና ገዛሁ። በውሉ ላይ የ3 ዓመት ወይም የ100,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና፣ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው፣ ተብሎ ተጽፏል። መኪናው 38,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ዳገት ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ለአስመጪው ስደውል «ይለምዳል፣ አይጨነቁ» ተባልሁ። ከሦስት ወር በኋላ ከደባርቅ ስመለስ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አልንቀሳቀስ አለና በጭነት መኪና ተጭኖ ጎንደር ገባ። ከቆመ እነሆ አምስት ወር ሆነው። አስመጪው ካምቢዮው በሙሉ መቀየር እንዳለበትና ዋጋውም 640,000 ብር እንደሆነ ነግሮኛል። የካምቢዮ ዘይቱን እዚህ ጎንደር ባለ ጋራዥ ስላስቀየርሁ ዋስትናው እንደማይሠራ፣ ደግሞም መኪናውን የጨረሰው የአገራችን ዳገት እንደሆነ ነው የሚናገረው። በከተማችን ተመሳሳይ መኪና ያላቸው ሁለት ሰዎች ይኸው ችግር እንደደረሰባቸው ሰምቻለሁ። አምራቹ ባሕር ማዶ ነው፤ ማንን ልያዝ?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ከገንዘቡ መጠን በላይ ያሳሰበን ከአስመጪው ጋር የተነጋገራችሁት ሁሉ በቃል ብቻ መሆኑ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2287 ጀምሮ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ለገዢው ዋስ እንደሚሆን ይደነግጋል። ይህ ዋስትና ከሕጉ የሚመነጭ ስለሆነ በውሉ ላይ የተጻፈው የሦስት ዓመት ዋስትና ይተካዋል ብላችሁ አታስቡ። ይሁን እንጂ ሕጉ ከገዢውም አንድ ነገር ይጠብቃል፤ ጉድለቱን እንዳገኘ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ካስታወቀበት ቀን ጀምሮም በአንድ ዓመት ውስጥ ጥያቄውን ካላቀረበ፣ ሻጩ ሊያታልለው ያሰበ ካልሆነ በስተቀር፣ በቁጥር 2298 መሠረት መብቱን ያጣል።

እንግዲህ የእርስዎን ጊዜ እንቁጠር። ያን የመጀመሪያ ጥሪ እንደ ማስታወቂያ ከቆጠርነው ስምንት ወር አልፎታል፤ የቀረዎት አራት ወር ብቻ ነው። እንደ ማስታወቂያ አይቆጠርም ከተባለ ደግሞ «ስምንት ወር ዝም ብለው ተቀመጡ» የሚል መከራከሪያ ይመጣብዎታል። ቢደውሉም የስልክ መዝገቡ መደወልዎን እንጂ የተባባላችሁትን አያሳይም። ስለዚህ ይህን እንዳነበቡ ደብዳቤ ይጻፉ። የሻንሲውን ቁጥር፣ የተገዛበትን ቀን፣ መንቀጥቀጡ የጀመረበትንና መኪናው የቆመበትን ቀንና ኪሎ ሜትር፣ በስልክ ያነጋገረዎትን ሠራተኛ የሥራ ድርሻ፣ የሰጠዎትንም መልስ ሳይቀር ይግለጹ። አስመጪው ባለሙያ ልኮ መኪናውን እንዲያይ ይጋብዙት፤ ዋስትናውን የማይቀበል ከሆነም ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲያሳውቅዎ ይጠይቁ። ደብዳቤውን በሰው እጅ ከላኩ በቅጂው ላይ የተቀባዩ ማኅተምና ፊርማ ይኑርበት፤ ካልሆነም ሪኮማንዴ በሚባለው የአደራ ፖስታ ይላኩና ደረሰኙን ያስቀምጡ።

አሁን ወደ ዘይቱ እንምጣ፤ አስመጪው የሚደገፍበት ምርኩዝ እሱ ነውና። የመኪናዎ ካምቢዮ ብዙ አዳዲስ አነስተኛ መኪኖች ላይ እንደሚገኘው ሲቪቲ የሚባለው ዓይነት ከሆነ በውስጡ በማርሽ ፈንታ በሁለት ሾጣጣ ፑሊዎች መካከል የሚዞር የብረት ቀበቶ አለ። ቀበቶው ሳይንሸራተት እንዲይዝ የሚያደርገው የዘይቱ ግፊት ሲሆን ዘይቱም ለዚህ ካምቢዮ ብቻ የተዘጋጀ ልዩ ዘይት ነው። በስሕተት ተራ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ከተጨመረበት ቀበቶው ሊንሸራተትና የፑሊዎቹን ገጽ ሊቧጥጠው ይችላል። እውነቱን ለመናገር፣ የጋራዡ ደረሰኝ የተሳሳተ ዘይት መጨመሩን ካሳየ ክርክርዎ በእጅጉ ይዳከማል፤ ያን ጊዜ ጥያቄው የሚነሳው በጋራዡ ላይ ነው። ዘይቱ ትክክለኛው ከነበረ ግን የተቀየረበት ቦታ ብቻውን ካምቢዮ አያበላሽም። በደብዳቤዎ ያልነገሩን አንድ ወሳኝ ነገርም አለ። ዘይቱ የተቀየረው መንቀጥቀጡ ከመጀመሩ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በኋላ ከሆነ፣ ቀድሞ ለታየ ሕመም በኋላ የተቀየረ ዘይት ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ ከጋራዡ ደረሰኝ ላይ ያለው ቀን ከማንኛውም ጠበቃ ንግግር የበለጠ ይረዳዎታል።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ የዋስትና ሕግ አለ። አምራች «ከእኔ ጋራዥ ውጭ ካሠራችሁ ዋስትናው ፈርሷል» የሚል ግዴታ እንዳይጭን ይከለክላል፤ አገልግሎቱን በነፃ የሚሰጥ ሲሆን ግን ይፈቅዳል። ይህ ሕግ በእኛ ፍርድ ቤት አይገዛም፤ ሐሳቡ ግን ትክክል ነው ብለን እናምናለን። የአስመጪው ጋራዥ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አዲስ አበባ ሲገኝ፣ ለአንድ ዘይት መቀየር ያን ሁሉ መንገድ ሂዱ ማለት ዋስትናን በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መንጠቅ ነው። የውልዎን ቃል ደጋግመው ያንብቡ፤ ክልከላው በግልጽ ካልተጻፈ አስመጪው በቃል የሚፈጥረው ግዴታ የለም።

ስለ ዳገቱ የተባለውንም ሳንመልስ አናልፍም። ሕጉ የሚጠይቀው ዕቃው ለተለመደው አገልግሎት ብቁ መሆኑን ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች፤ መኪናው የተሸጠበት አዲስ አበባ ደግሞ ከጎንደርም ከፍ ይላል፤ እንጦጦም ከራሱ ከአስመጪው ደጅ ሩቅ አይደለም። በኢትዮጵያ መኪና የሚሸጥ ነጋዴ መኪናው ዳገት እንደሚወጣ ያውቃል። ከአዘዞ ፒያሳ፣ ከጎንደርም ደባርቅ መንዳት በዚህ አገር የተለመደ አገልግሎት ነው።

ካምቢዮውን ግን እስካሁን ካላስፈቱት አያስፈቱት። ሥራ ቆሞብኛል፣ መኪናውን ማስነሳት አለብኝ ካሉም ሲፈታ ፎቶ ይነሣ፤ ከዘይቱ በንጹሕ ጠርሙስ ተቀድቶ ይታሸግ፤ አሮጌው ካምቢዮም ከእጅዎ አይውጣ። ብዙ ባለመኪኖች አሮጌውን ዕቃ ለጋራዡ ትተው ወይም ለቁራሌው ሸጠው፣ ማስረጃቸውንም አብረው ሸጠዋል። የአሮጌ ዕቃን ዋጋ ለማየት የአሜሪካውን መኪና አምራች የጄኔራል ሞተርስን የሞተር ማስነሻ ቁልፍ ማብሪያ ጉዳይ ማስታወስ ይበቃል። ማብሪያው በጉዞ ላይ እያለ ከቦታው እየተንሸራተተ ሞተሩን ያጠፋ፣ በግጭት ጊዜ ተነፍቶ ሰውን የሚከላከለው ከረጢት፣ ኤርባጉም እንዳይፈነዳ ያደርግ ነበር። ለዓመታት አደጋው በሾፌሮች ሲመካኝ ኖሮ፣ በጆርጂያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2010 የሞተች የአንዲት ወጣት ቤተሰብ ጠበቃ የቀጠረው መሐንዲስ አሮጌውን ማብሪያና በኋላ የተመረተውን አነጻጽሮ፣ ኩባንያው የውስጥ አካሉን ለውጦ የመለያ ቁጥሩን ግን እንዳለ መተዉ እንዲታወቅ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ 2.6 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖች ለጥገና ተጠሩ፤ ኩባንያው ባቋቋመው የካሳ ፈንድም 124 ሰዎች በዚሁ ጉድለት መሞታቸው ታመነ። ከአንድ ዶላር ያነሰ ዋጋ ያለው ዕቃ ነበር፤ አሮጌው ዕቃ ባይቀመጥ ኖሮ ያን ንጽጽር ማድረግ አይቻልም ነበር።

«ማንን ልያዝ?» ላሉት ጥያቄ፣ የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች በገዛው ዕቃ ምክንያት ለደረሰበት ጉዳት በአቅርቦቱ የተሳተፉትን አምራቹን፣ አስመጪውን፣ ጅምላ ሻጩንና ቸርቻሪውን በአንድነትም ሆነ በተናጠል ካሳ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2085ም ለትርፍ ብሎ ለሕዝብ ዕቃ የሚያመርት ሰው፣ ዕቃው በተለመደው መንገድ ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይናገራል፤ ከዚህ ነፃ የሚሆነው ጉድለቱ በተለመደ ምርመራ ሊታወቅ ይችል የነበረ እንደሆነ ነው። ገዢ መኪናን ዞር ብሎ ያያል፣ ሞተሩን አስነሥቶ ያዳምጣል፣ ነድቶ ይሞክራል፤ የካምቢዮ ሆድ ውስጥ ያለን የብረት ቀበቶ ግን በዚህ ሊያውቀው አይችልም። በዚህ በቁጥር 2085 ለሚቀርብ ክስ የይርጋው ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ ሁለት ዓመት መሆኑንም ያስታውሱ። የእኛ ምክር አስመጪውን እንዲይዙ ነው። አድራሻው ይታወቃል፣ ንግድ ፈቃዱ እዚሁ ነው፣ ከእርስዎ ገንዘብ የተቀበለውም እሱ ነው። ከአምራቹ ጋር ያለውን ሒሳብ ራሱ ያወራርድ። ትልልቆቹ ኩባንያዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ጄኔራል ሞተርስ ቦልት የተባለውን የኤሌክትሪክ መኪናውን በባትሪ ጉድለት ለጥገና ሲጠራ በመጀመሪያ ለባለመኪኖቹ ራሱ ኃላፊ ሆነ፤ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2021 ባትሪውን የሠራው ኤልጂ እስከ 1.9 ቢሊዮን ዶላር ሊከፍለው ተስማማ። ባለመኪናው ባትሪ ሠሪውን ሲፈልግ ኮሪያ ድረስ አልሄደም።

በደብዳቤዎ መጨረሻ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያለፉትን የሁለቱን ሰዎች ጉዳይ እኛ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ አድርገን እናየዋለን። አንድ ካምቢዮ ሲሰበር አስመጪው አነዳድዎን፣ ዘይትዎን፣ መንገድዎን ሊወቅስ ይችላል። በሦስት የተለያዩ ሾፌሮች እጅ፣ በሦስት የተለያዩ ጋራዦች የተያዙ ሦስት ካምቢዮዎች በተቀራራቢ ኪሎ ሜትር ላይ በአንድ ዓይነት ሁኔታ ሲሰበሩ ግን ወቀሳው ወደ ዕቃው ይዞራል። ከሁለቱ ሰዎች አንዱ ከእርስዎ ቀድሞ ለአስመጪው አመልክቶ ከነበረ ደግሞ «ይለምዳል» የሚለው መልስ የተሰጠው ጉድለቱ እየታወቀ ነው ለማለት ያስችላል፤ ይህም ቀደም ሲል የጠቀስነው የአንድ ዓመት ገደብ እንዳይነሳብዎ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን ሰዎች ፈልገው ያግኙ። የሻንሲ ቁጥራቸውን፣ የገዙበትን ቀን፣ ችግሩ የጀመረበትን ኪሎ ሜትር፣ ያገኙትን መልስ በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጻፉት። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ በቁጥር 35 ከሳሾች በአንድ ክስ ተጣምረው እንዲቀርቡ፣ በቁጥር 38 ደግሞ ተመሳሳይ ጥቅም ካላቸው ብዙ ሰዎች አንዱ ስለ ሁሉም ሆኖ እንዲከራከር መንገድ ከፍቷል። በአውስትራሊያ ሂሉክስ፣ ፕራዶና ፎርቹነር የተባሉ የናፍጣ ቶዮታዎችን የገዙ ሰዎች የጭስ ማጣሪያቸው እየተደፈነ ነጭ ጭስ ሲያስቸግራቸው አንድ ባለመኪና ስለ ሁሉም ሆኖ ከሰሰ። ክሱ 264,170 መኪኖችን የሚመለከት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የፌዴራል ፍርድ ቤቱ ማጣሪያው ጉድለት እንዳለበት ወሰነ። የካሳው ስሌት እስከ አገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ድረስ አከራክሯል፤ ብቻውን ቆሞ ቢሆን ያ አንድ ሰው የትም ባልደረሰ ነበር።

ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ያነሳችሁ እንደሆነ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት በኩል የሚሰጠውን ነፃ የሕግ ድጋፍ ጠይቁ። ወደ ፍርድ ቤት ከመሄዳችሁ በፊትም አቤቱታችሁን ለከተማው ንግድ መምሪያ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል አስመዝግቡ።

ጥያቄ፦ ማራኪ የምኖር ነርስ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2004 ጃፓን የተሠራች ትንሽ መኪና አለችን፤ እኛ ሦስተኛ ባለቤቶች ነን። ባለቤቴ በሥራው ምክንያት በየወሩ መተማ ይመላለሳል። የአንዳንድ ጃፓን መኪኖች ኤርባግ ሾፌሩን እንደሚገድል ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ። እውነት ነው? የእኛም ከሆነስ ማን ይቀይርልናል?

መልስ፦ እህታችን፣ የሰሙት እውነት ነው። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ኤርባጉን የሚነፋውን ዕቃ አሞኒየም ናይትሬት በተባለ ኬሚካል ይሠራ ነበር። ኬሚካሉ ለብዙ ዓመታት ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቅበት ባሕርዩ ይለወጥና በግጭት ጊዜ ከሚገባው በላይ በፍጥነት ይነዳል፤ የያዘው የብረት ዕቃም ተፈነጣጥሮ ስብርባሪው ወደ ሾፌሩ ፊትና አንገት ይወረወራል። በዓለም ዙሪያ ከ100 ሚሊዮን በላይ ኤርባጎች እንዲቀየሩ ተጠርተዋል፤ ከቶዮታ፣ ከሆንዳና ከኒሳን ጀምሮ የብዙ አምራቾች መኪኖች ውስጥ ነበሩ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2017 ጥፋቱን አምኖ የ1 ቢሊዮን ዶላር ቅጣት ተቀበለ፤ በዚያው ዓመት ከሰረ። ዕቃውን የሠራው ቢከስርም መኪናውን የሠሩት ኩባንያዎች የመቀየሩን ግዴታ ተሸክመው ቀርተዋል።

ሦስተኛ ባለቤት መሆንዎ አያሳስብዎ፤ የጥገና ጥሪ የሚከተለው መኪናውን እንጂ ባለቤቱን አይደለም። ሊብሬዎ ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ከመኪናው አካል ላይ ከተመታው ጋር ያመሳክሩ። ለጃፓን አገር ገበያ የተሠሩ መኪኖች ቁጥር አጭርና በመሐሉ ሰረዝ ያለበት ስለሆነ፣ 17 ፊደልና አኃዝ በሚጠይቀው የአሜሪካ መመርመሪያ ውስጥ ቢያስገቡት ምንም አያገኙም፤ ይህን አይተው «የእኔ ነፃ ነው» እንዳይሉ። ቁጥሩን አምራቹ በጃፓን በከፈተው የጥሪ መመርመሪያ ላይ ይፈልጉት፤ በኢትዮጵያ ላለው ወኪሉም ኤርባጉ ተቀይሮ እንደሆነ በደብዳቤ ይጠይቁና በነፃ እንዲቀየር ያመልክቱ። ይህ እስኪጣራ የመተማውን መንገድ በሌላ ተሽከርካሪ ቢሄዱ እንመርጣለን፤ የቆላው ሙቀት ለዚህ ኬሚካል ጠላቱ ነው። ኤርባጉን በሠፈር ጋራዥ ለማስፈታትም ሆነ ከተበተነ መኪና ሌላ ገዝቶ ለማስገባት በፍጹም አይሞክሩ፤ ፈንጂ ያለበት ዕቃ ነው፣ ከተበተነው መኪና የሚያገኙትም ያው የተጠራው ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ አራዳ ባጃጅ እነዳለሁ። ኦሪጅናል ነው ተብዬ የገዛሁት የፍሬን ሸራ በዘጠኝ ቀን አልቆ ብረቱ ታምቡሩን ቧጠጠው። ባለሱቁ ደረሰኙ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን እያሳየ መለሰኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ደብዳቤዎ በደረሰን ዕለት በስልክ የነገርንዎትን ለሌሎች ባለባጃጆች ጥቅም ስንል እንደግመዋለን። ቀደም ሲል የጠቀስነው አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ የገዛው ዕቃ ጉድለት ካለበት በተገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። በአዋጅ የተሰጠ መብት በደረሰኝ ግርጌ በታተመ ቃል አይሻርም፤ ይልቁንም ያው ደረሰኝ የገዙበትን ቀንና ሱቁን የሚመሰክርልዎ ዋና ማስረጃዎ ነው። ደረሰኝ ሳይቀበል መለዋወጫ የሚገዛ ሾፌር ግን ይህን ክርክር በምን ሊጀምር እንደሚችል አናውቅም፤ ጥቂት ብር ይቀነስልኝ ብሎ ያለ ደረሰኝ መግዛት ፍሬን ላይ ሲሆን እጅግ ውድ ቁጠባ ነው።

በምክራችን መሠረት ያለቀውን ሸራ ከነካርቶኑ ይዘው በ11ኛው ቀን ሁለት ምስክር አስከትለው ሄደው ባለሱቁ የሸራውን ዋጋ እንደመለሰልዎ ነግረውናል። የታምቡሩ ዋጋ ግን የተለየ ጥያቄ ነው፤ እሱ በጉድለቱ ምክንያት የደረሰ ጉዳት ስለሆነ ገንዘቡ በመመለሱ ብቻ አይዘጋም። ታምቡሩን ያየው መካኒክ ያየውን በጽሑፍ አስፍሮ ይፈርምልዎ፤ ይህንኑ ከካርቶኑ ጋር ለንግድ መምሪያው አያይዘው ያቅርቡ። ካርቶኑ ላይ ያለው የአምራች ምልክት ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘ ባለሱቁ ከማን እንደገዛው የመናገር ፈንታው የእርሱ ይሆናል።